የፍየል ድግስ

ጠዋት ውሃ ልጠጣ ወደ እንስራው ብጠጋ፣ አፉ ላይ የልጄ ሎሕ ተከድኖበት አገኘሁ። ሎሕ የኸልዋ፣ የቁርኣን ትምህርት ቤት፣ ተማሪ ትምህርቱን የሚጽፍበት ጣውላ ነው፤ መምህሩ፣ እኛ ፈኪ የምንለው፣ ያነበንባል፣ ልጁ በጥላሸት ቀለም ይጽፋል፣ በቃሉ ሲይዘው አጥቦ ሌላ ይጽፍበታል። ይህንን ሎሕ ሙርሳል ሰባት ዓመት ሲሞላው እኔው ራሴ ጠርቤ የሰጠሁት ነው። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አቅፎት ሲወጣ፣ አቅፎት ሲገባ ያየሁትን ጣውላ፣ አንዲት ፊደል ሳያስቀር አጥቦ ለእንስራ መክደኛ አድርጎታል። ሚስቴ ኢንዓም ደጃፉ ላይ ተቀምጣ ባሚያ ትከትፋለች። "ይሄ እዚህ ምን ይሠራል?" አልኳት። ቀና ብላም አላየችኝ። "ልጅህ ነው ያመጣልኝ። ክዳኑ ተሰብሯል ስትይ ነበር አይደል፣ ይሄ ይሁንሽ አለኝ። የእኔ ጭንቅላት እንደሆነ አይቀበልም፣ ዛሬ ከአስር ሶላት በኋላ ከነጋዴው ከሐጂ ጁምዓ አህዮች ጋር ወደ ኩርሙክ እወርዳለሁ አለኝ።" ይህን ብላ ባሚያዋን መክተፍ ቀጠለች።

ሎሑን አነሳሁ፣ ውሃዬን ጠጣሁ፣ መልሼ ከደንኩት። ሌላ አባት ቢሆን ይጮሃል፣ ልጁን ካለበት ፈልጎ፣ ጆሮውን ይዞ ወደ ፈኪው ይጎትተዋል። እኔ ግን በየት አፌ? የልጄ ጭንቅላት እንደሚቀበል ከእኔ የበለጠ የሚያውቅ ሰው አሶሳ ውስጥ አልነበረም። አምና ልክ በዚህ ወቅት፣ ቀርከሃ በሚቆረጥበት ሰሞን፣ ፈኪ ባቢከር አስጠርተውኝ "ሐምዳን፣ ልጅህ ሰላሳውን ክፍል ሊጨርስ ነው። ከትልልቆቹ ተማሪዎች እንደ እሱ ያለ አላስተማርኩም። ለሸረፋው ተዘጋጅ" አሉኝ። ሰው እንዲህ ሲባል ደስ ይለዋል፣ ደረቱን ይነፋል። እኔን ብርድ ብርድ አለኝ። ከዚያ አፌን ከፍቼ ያልኩትን እስከ ዛሬ ሳስበው ፊቴ ይቃጠላል። "ፈኪ፣ ልጁን ትንሽ ያቆዩልኝ። ገና ነህ ይበሉት" አልኳቸው። ፈኪው አዩኝና "አላህ ያውቃል" ብቻ አሉኝ። እኔ ይህን እሺታ ነው ብዬ ይዤው ሄድኩ።

ሸረፋን ለማያውቅ ሰው ልንገረው። ኸልዋ ገብቶ ሰላሳውን የቁርኣን ክፍል በቃሉ የጨረሰ ልጅ፣ ፈኪው ሎሑን በቀይና በቢጫ አፈር አሳምረው ይስሉለታል። ነጭ ይለብሳል፣ በቅሎ ላይ ይወጣል፣ ቀለም የተቀባውን ሎሑን ከፍ አድርጎ ይዞ ከቤት ቤት ይዞራል። እያንዳንዱ ቤት ያለውን ይሰጣል፤ ዶሮም፣ ማርም፣ ማሽላም፣ ጨርቅም፤ ያም ለፈኪው ይሆናል። የበቅሎውን ልጓም የሚስበው ከእሱ ቀጥሎ ተራ የያዘው ተማሪ ነው። ከዚያ ልጁ ሰው በተሰበሰበበት ይቀራል፣ ማለት ቁርኣኑን በቃሉ ያነባል፣ አባቱ አርዶ ከተማውን ያበላል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ያ ልጅ ሰው ነው፤ ያሰግዳል፣ ለነጋዴ ደብዳቤ ይጽፋል፣ ፈኪው ወረቀት ሰጥተው ወደ ሱዳን ወደ ትልልቆቹ ዓሊሞች ይልኩታል። ያላለፈው ደግሞ አህያ ነጂ ይሆናል። እንግዲህ ልጄ ጠዋት ላይ የመረጠው ይህንን ነው፣ እኔ መርጬለት።

አንድ በሬ ቢያንስ አምስት ጠገራ ብር ነው። እኔ ቀርከሃ ሰንጥቄ ምንጣፍ፣ አልጋ፣ ጎተራ እየሠራሁ የምኖር ሰው ነኝ፤ ትልቁ ምንጣፌ አንድ አሞሌ ጨው ያወጣል፣ ያም ገዢው ደህና ውሎ ከሆነ ነው። ግን ልዋሻችሁ አልፈልግም፣ ነገሩ ድህነት ብቻ ቢሆን ኖሮ ዛሬ እንዲህ ባላፈርኩ። ሁለት ፍየሎች ነበሩኝ። ፈኪ ባቢከር ሁሌም "ፍየል ይበቃል፣ ዶሮም ይበቃል፣ ውሃም ይበቃል" ይላሉ። ነገር ግን ከአራት ዓመት በፊት ጉድጓድ ቆፋሪው ሻዕባን ልጁ ሲጨርስለት አንዲት ፍየል አረደ። ሥጋው ለግማሹ ሰው እንኳ አልደረሰ፣ የቀረነው ገንፎ በመረቅ ልሰን ወጣን። በማግስቱ ገበያ ላይ ስሙ "የፍየል ድግስ" ሆነ። ዛሬም ሻዕባን ብሎ የሚጠራው የለም፤ ጉድጓድ ሲያስፈልግ "የፍየል ድግስን ጥሩት" ነው የሚባለው፣ ልጁም የፍየል ድግስ ልጅ ነው። ይህን ስም ማን እንዳወጣለት ታውቃላችሁ? እኔ ነኝ። ገበያ መሃል ቀርከሃ እየሰነጠቅኩ ለጨዋታ ያህል ጣል ያደረግኳት ቃል ናት። ሰው ሆዱን ይዞ ሲስቅልኝ ደስ ብሎኝ ደገምኳት፣ ሰለስኳት። የራሴ ተራ ሲደርስ ያ ሁሉ ሳቅ ተመልሶ ጆሮዬ ላይ ጮኸ።

በዚህ ዓመት ሙርሳል ሦስት ጊዜ ተፈተነ፣ ሦስቱንም ጊዜ ወደቀ፣ ሦስቱንም ጊዜ በአለንጋ ተገርፎ መጣ። ኢንዓም ጀርባውን የሰሊጥ ዘይት ስትቀባው እኔ ፊቴን አዙሬ ቀርከሃ እሰነጥቃለሁ። በሆዴ "ያቆዩልኝ አልኩ እንጂ ይግረፉልኝ አልኩ?" እላለሁ። ግን ሄጄ ይህንን መናገር አልችልም፤ ከተናገርኩ ምን ብዬ እንደጠየቅኩ ይወጣል። ልጁም አንድ ቀን እንኳ አላለቀሰ። ኢንዓም አንድ ጊዜ፣ ዘይቱን እየቀባችው፣ "በልጅነቱ ሰምቶ የማይረሳ ልጅ ነበር፤ ምን ነካው?" አለች፣ ለማን እንደሆነ ሳይታወቅ። እኔ ሌላ ቀርከሃ አነሳሁ፣ ልጁም ልብሱን ለበሰ።

እንግዲህ በዚያች ጠዋት ውሃዬን ጠጥቼ የሄድኩት የት ይመስላችኋል? ወደ ሐጂ ጁምዓ ቤት ነው። የሐጂ ጁምዓ ልጅ የዐወድ ሸረፋ ቀን ነበርና ዳሱን የምሠራው እኔ ነኝ። አራት ቀን ሠርቼበት የቀረኝ የጣራው ማሰሪያና ለእንግዳ የሚነጠፈው ምንጣፍ ነበር። የሐጂ ጁምዓ ግቢ ሰፊ ነው፤ እንደ እኛ ቀርከሃ ብቻ አይደለም፣ በጭቃ ጡብ የተሠራ ክፍል አለው፣ ውስጡ ከኦምዱርማን የመጣ ሳጥንና በጠፍር የተጠላለፉ ሦስት አልጋዎች አሉ። በሩ ላይ ቡና የተሞላ ጆንያና የማር ቅል ተደርድሯል፤ ከሰዓት በኋላ ወደ ኩርሙክ የሚጫነው እሱ ነው። በሬው ዛፍ ሥር ታስሯል፣ ጥቁር፣ ሻኛው የተንጠለጠለ። ሐጂ ራሳቸው ወጥተው ዳሱን ከዳር እስከ ዳር ዞረው አዩ። ጥሩ ሰው ናቸው፤ ክፋት የለባቸውም፣ ሀብት ብቻ ነው ያለባቸው። "በሬውን አየኸው ሐምዳን? ስምንት ብለውኝ በሰባት አወረድኳቸው" አሉኝ። "ማሻ አላህ ሐጂ፣ ርካሽ ነው" አልኳቸው። "ያንተም ልጅ አንድ ቀን ይደርስለታል። ሁሉም ጭንቅላት እኩል አይደለም፣ አላህ እንደፈጠረው ነው። ዛሬ ከአህዮቼ ጋር ልሂድ ብሎኝ እሺ ብዬዋለሁ፤ ሰውነቱ ጠንካራ ነው፣ እንጀራውን አያጣም።" "አላህ ይስጥልኝ" አልኩ። ሌላ ምን እላለሁ? ገመዴን ነክሼ ወደ ጣራው ወጣሁ።

እዚያ ላይ ሆኜ ሳስር ዐወድ በቅል ውሃ ይዞልኝ መጣ። ገና ነጩን አልለበሰም። ልጁ ጨዋ ነው፣ ከልጄ ጋር አብሮ ያደገ፣ እኛ ቤት ገንፎ በልቶ የተኛ። ወርጄ ስጠጣ መሬት መሬት እያየ ቆመ። "አጎቴ ሐምዳን" አለኝ፣ "አንድ ነገር ልንገርህ? እኔን ያስጠናኝ ሙርሳል ነው። የጠፋብኝን ሁሉ እሱ ነው የሚያነሳልኝ። ፈተናው ላይ እንዴት እንደሚወድቅ አላውቅም። ለፈኪ ልንገር ስለው ከተናገርክ አብረን አናጠናም አለኝ።" ቅሉን መለስኩለትና "ተው፣ ዛሬ ያንተ ቀን ነው፤ የሌላ ሰው ነገር ምን ያደርግልሃል" አልኩት። ልጁ እፎይ ያለ መሰለኝ። እኔ ግን ወደ ጣራው ተመልሼ ወጣሁ። ፈኪው ምን ያህል አሳምረው ከማለፍ ቢይዙት ነው ልጄ ራሱ ያልገባው እያልኩ፣ እስቲ አስቡት፣ በእሳቸው ተናደድኩ።

እኩለ ቀን ሲሆን ዳሱ አለቀ። ተጣጥቤ ልብስ ልቀይር ወደ ቤት ሄድኩ። ኢንዓም ገንፎውን አቀረበችልኝ፣ ባሚያውን ከጎኑ አስቀመጠች፣ ከእኔ ጋር አልተቀመጠችም። ቤታችን አንድ ክፍል ነው። የሙርሳል ጥቅል በሩ አጠገብ ተቀምጣለች፤ አንድ ጋቢ፣ አንድ ቢላ፣ በጨርቅ የታሰረ ደረቅ ቂጣ። አሥራ ስድስት ዓመት የኖረበት ቤት ውስጥ ያለው ሁሉ በአንድ ጥቅል አልቆ ነበር። ኢንዓም ጥቅሏን በእግሯ ገፋ አድርጋ ጥግ አስያዘቻት። "አንተ ብትናገረው ይቀር ነበር" አለችኝ። "ምን ብዬ?" አልኳት። ያን ጊዜ አየችኝ፤ በዚያ ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ። ታውቅ እንደሆነ አላውቅም። አልጠየቅኳትም፣ እሷም አልነገረችኝ። ገንፎውን ገፋ አድርጌ ልብሴን ልቀይር ተነሳሁ።

ከበሮው ከታች ተሰማ። ወጥተን ደጃፉ ላይ ቆምን። ዐወድ ነጭ ለብሶ፣ አዲስ ጥምጥም ጠምጥሞ፣ የተሳለውን ሎሕ በሁለት እጁ ከፍ አድርጎ በቅሎ ላይ ተቀምጧል፤ ከኋላው ልጆችና ሴቶች ይከተላሉ። የበቅሎውን ልጓም ይዞ ከፊት የሚሄደው ሙርሳል ነው። ተራው ነዋ! ከዐወድ ቀጥሎ ያለው እሱ ነው፣ ወጉም እንዲህ ነው። የለበሰው ኢንዓም ትከሻው ላይ የጣፈችለትን ያንኑ ልብስ ነው። እየዞሩ እኛ ደጃፍ ሲደርሱ በቅሎዋን አቆማት፣ አንገቷን ዳበሳት፣ እኔን እንደ ማንኛውም ባለቤት ቀና ብሎ አየኝ። ምን እንደምንሰጥ አልተነጋገርንም ነበር። እኔ አንድ ምንጣፍ አዘጋጅቼ ነበርና ላመጣ ዞር ስል፣ ኢንዓም ቀድማኝ ወደ ጓሮ ሄዳ ከሁለቱ ፍየሎቻችን ትልቁን በገመድ እየሳበች መጣች። ገመዱን ለሙርሳል ሰጠችው። "ለዐወድ ደስታ" አለች። ሰዉ እልል አለ፣ ከሚስኪን ቤት ፍየል ሲወጣ ማን አይቶ ያውቃል። ሙርሳል ገመዱን ከልጓሙ ጋር አሰረው። ያንን ፍየል ለራሱ ልጅ ለማረድ አፍሮ ለሰው ልጅ ሲሰጥ ቆሞ ያየ አባት እኔ ነኝ።

ዳሱ ሥር ሰው ሞልቶ ነበር። ነጋዴው፣ ሽማግሌው፣ ከቶንጎ ወገን የመጣ እንግዳ ሁሉ እኔ በጠለፍኩት ምንጣፍ ላይ ተደርድሯል። በሬው ታርዷል፣ ሽታው ግቢውን ይዞታል። ሥጋው ከመቅረቡ በፊት ዐወድ ቆሞ መቅራት ነበረበት፤ ፈኪ ባቢከር ከመሃል አንድ ቦታ መረጡለት። ልጁ ደህና ጀመረ፣ ድምፁ ያምራል። ጥቂት እንደሄደ ግን ቆመ። ወደ ኋላ ተመልሶ ጀመረ፣ እዚያው ሲደርስ እንደገና ቆመ። ሐጂ ጁምዓ መቁጠሪያቸውን ጨበጡት። ያን ጊዜ ከዳሱ አፍ፣ በቅሎዋ አጠገብ፣ አንድ ድምፅ ቀስ ብሎ የጠፋውን ቃል ሰጠው፤ ቀጥሎ ያለውንም፣ ከዚያ ቀጥሎ ያለውንም፣ ዐወድ እስኪይዘው ድረስ። ሙርሳል ነበር። ወደ እኛ አላየም፤ የበቅሎዋን ጋማ እያየ ነበር የሚናገረው። ዐወድ ቀጠለና ጨረሰ። ሰው ሁሉ "ማሻ አላህ" አለ።

ሐጂ ጁምዓ ልባቸው መለስ ሲል ሳቁ። "እኔ በቅሎ ሳቢ ነው ያልኩት፣ ለካ እሱም ሰምቶ ሰምቶ ተለጥፎበታል!" አሉና ከቀበቷቸው አንድ ጠገራ ብር አውጥተው ሰጡት። "ላስታወስከው ነው፣ ለመንገድህ ይሁንህ።" ሰው ሳቀ። ከጎኔ የተቀመጠው ሰውዬ ክንዴን ነካ አድርጎኝ "ያንተ ነው አይደል? በቀቀን ነው በለኝ" አለ። እኔም ሳቅኩ። ወላሂ ሳቅኩ። ጥርሴ ሲገለጥ ተሰማኝ፣ መክደን አቃተኝ። ሙርሳል ብሩን በሁለት እጁ ተቀብሎ፣ ጎንበስ ብሎ አመሰገነና በቅሎዋን ሊያስር ወጣ። ሲወጣ እኔን አላየኝም መሰለኝ፤ ወይም አይቶኝ ነው። ቀና ስል ያየሁት የፈኪ ባቢከርን ዓይን ነው። ትክ ብለው ያዩኝ ነበር። ከዚያ እሳቸውም ተነስተው ልጁን ተከትለው ወጡ።

ሥጋ ቀረበ። ከፊቴ የተቀመጠውን አልነካሁትም። አፌ ውስጥ ያ ሳቅ ነበር፣ ቆሻሻ ነገር የጎረስኩ መሰለኝ። ልጄ ከአስር ሶላት በኋላ ይሄዳል፣ እስከ ዕድሜ ልኩ ደንቆሮ ነኝ እያለ የሰው አህያ ይነዳል፤ ይህንን የሚያስቀር አንድ ቃል ደግሞ እኔ ዘንድ ብቻ አለ። ተነሳሁና ፈኪውን ፍለጋ ሄድኩ። ከመስጊዱ ጀርባ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው፤ ዉዱእ ሊያደርጉ ውሃ ቀድተው፣ ውሃው ከፊታቸው እንደቆመ ነው።

"ፈኪ" አልኳቸው፣ "ልጄን ይልቀቁልኝ። በቃኝ። የቀረችኝን ፍየል አርዳለሁ፤ ሰው የፈለገውን ይበል።"

"ከምን ልልቀቅልህ?" አሉኝ።

"ከያዙበት ነዋ። አምና እንደለመንኩዎት።"

ፈኪው ራሳቸውን ነቀነቁ። "እኔ ልጅህን አንድ ቀን ይዤው አላውቅም። አንተ ከሄድክ በኋላ ምን ብዬ እንደምዋሸው ሳስብ ሰነበትኩ። ሳስቀራው ራሱ ተሳሳተ። አልሐምዱሊላህ፣ ከመዋሸት ዳንኩ አልኩና በስንፍና ገረፍኩት። ሌላ ጊዜ ሌላ ቦታ ሳተ፣ ገረፍኩት። በሦስተኛው ጊዜማ እጄ እስኪዝል ነው የገረፍኩት። ዛሬ ዐወድ ላይ የጠፋው ቃል ያን ጊዜ ሙርሳል ላይ የጠፋው ቃል ነው። አሁን ከዳሱ ጀርባ አቁሜ የሳተባቸውን ሦስቱንም ቦታ አስቀራሁት። እንደ ውሃ አወረደው። ለምን አልኩት። 'ለአባቴ አይንገሩት' አለኝ፤ ሌላ ቃል አላወጣም።"

"ማን ነገረው?" አልኳቸው።

"ያን ቀን አንተና እኔ ስንነጋገር ውሃ ያቀረበልን ማን ነበር ሐምዳን?"

ትዝ አለኝ። ውሃውን በቅል ይዞ መጥቶ ሰጥቶናል፤ ታላላቅ እስኪጠጡ ልጅ እንደሚያደርገው ጀርባውን ሰጥቶ ቆሟል፤ ባዶውን ቅል ተቀብሎ ሄዷል። እኔ ያቆዩልኝ፣ ገና ነህ ይበሉት እያልኩ ስለምን እሱ እዚያ ነበር። አላየሁትም፤ ለእኔ ያኔ ቅል የያዘ እጅ ብቻ ነበር። ከዚያች ቀን ጀምሮ አባቱ በሰው ፊት እንዳያፍር፣ ፈኪውም እንዳይዋሹ፣ እያወቀ ሲሳሳት፣ እያወቀ ሲገረፍ፣ ማታ ማታ ደግሞ ለጓደኛው ያንኑ ሲያስጠና ዓመት ሞልቶታል። ሲሰለቸው መሄድን መረጠ፤ የሚሄድበትን ምክንያት እንኳ ለእናቱ ሲናገር ጭንቅላቴ አይቀበልም ብሎ በራሱ ላይ አደረገው። ምድር ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ምን ነበረበት! ፈኪው ውሃቸውን አነሱ። "እኔም እሱን ይቅርታ መጠየቅ አለብኝ፣ ቃል ግን አጣሁ። አንተ ሂድ፣ አህዮቹ ሳይነሱ ድረስበት" አሉኝ።

ሮጥኩ። በዚህ ዕድሜዬ፣ በንጹህ ልብሴ፣ ገበያውን በመሃል ሰንጥቄ ሮጥኩ። አህዮቹ ከገበያው በታች ወንዙ ዳር ተሰልፈዋል፤ ሃያ ይሆናሉ፣ ግማሾቹ ተጭነው ጨርሰዋል። ጨው የሚቸረችሩት ሴቶች እዚያው አጠገብ ተደርድረው ነበር፣ ነጂዎቹ ገመድ እየሳቡ ይቀላለዳሉ። ሙርሳል የአንዲት ግራጫ አህያ ጭነት ያጠብቃል፤ ጥቅሏን ከጆንያው ላይ አስሯታል። ትንፋሽ አጥሮኝ ስለነበር ቃሉ እንደ ጩኸት ነው የወጣው። "ሙርሳል! እኔ ነኝ! ለፈኪው ያቆዩልኝ ያልኩት እኔ ነኝ፣ የሰው አፍ ፈርቼ። ሁሉንም ነግረውኛል። አንተ ደንቆሮ አይደለህም፣ ደንቆሮው እኔ ነኝ። ና ወደ ቤት፣ ሸረፋህን ዛሬውኑ..."

ነጂዎቹ ገመዳቸውን ያዝ አድርገው ዞሩ። ከጨው ሻጮቹ አንዷ ሚዛኗን አስቀመጠች። ሙርሳል እነሱን አየ፣ አንድ በአንድ፤ ከዚያ ፈጠን ብሎ ወደ እኔ መጣና ትከሻዬን ያዘኝ። በቁመት እንደበለጠኝ ያን ጊዜ ነው ያወቅኩት። ፊቱ ላይ ቁጣ ብፈልግ አጣሁ፤ ቢቆጣኝ ኖሮ በቀለለኝ።

"አባ" አለኝ በጆሮዬ፣ "ድምፅህን ቀንስ። ሰው ይሰማሃል።"

እኔም ቀነስኩ። ዙሪያዬን አየሁ፣ የሚያዩኝን ዓይኖች አየሁ፣ አፌ ውስጥ የነበረውን የቀረውን ቃል ዋጥኩት። ልጄ ትከሻዬን ለቀቀ። የአህዮቹ አለቃ አፏጨ፣ መንጋው ወደ ውሃው ተንቀሳቀሰ፣ ሙርሳልም በትሩን አንስቶ ከግራጫዋ ኋላ ገባ። ወንዙን ተሻግሮ ወዲያ ማዶ ቀርከሃው ውስጥ እስኪጠፋ ድረስ እዚያው ቆሜ ስሙን ስጠራ ነበር፤ በሹክሹክታ።